ማርሹ የሚገባው ከቁልቁለቱ በፊት ነው



ሰው የሚማረው ከኪታብና ከመምህር ብቻ አይደለም። ልብ ብሎ ላየ ሰው መሪ ጨብጦ የሚሄድበት መንገድም፣ የዕለት እንጀራውን የሚያገኝበት ሥራም፣ ከቤተሰቡ ጋር የሚቀርብበት ማዕድም ያስተምሩታል። ችግሩ ትምህርቱ መጥፋቱ ሳይሆን ተማሪው ልብ አለማለቱ ነው። ዛሬ የማካፍላችሁ ትምህርት አንድ ብቻ ነው። በልጅነቴ ከአባቴ አፍ ሰማሁት፤ በጎልማሳነቴ በሥራዬ ላይ ዋጋ ከፈልኩበት፤ ይሁን እንጂ ቤቴ ድረስ መጥቶ የአንድ ሕፃን ሕይወት ሊያጠፋ እስኪቃረብ ድረስ አልገባኝም ነበር። ታሪኩ እኔን የሚያስመሰግን አይደለም። የምጽፈው ከእናንተ መካከል አንዱ እንኳ እኔ የዘገየሁትን ያህል እንዳይዘገይ ብዬ ነው።

ታርማበር ላይ የሰማሁት

አባቴ የከባድ መኪና ሾፌር ነበሩ። ከኤርትራ ጋር በተነሳው ጦርነት ምክንያት የአሰብ ወደብ ለሀገራችን ዕቃ እስከተዘጋበት እስከ 1990 ዓ.ም. ድረስ፣ ተሳቢ ያለው ኤንትሬ ፊያት እየነዱ በአዲስ አበባና በአሰብ መካከል ሲመላለሱ ኖረዋል። ቤታችን ኮምቦልቻ ስለነበረ እኛ ልጆቻቸው የምናገኛቸው ሲያልፉ ሲያገድሙ ነበር። በ1979 ዓ.ም. ክረምት፣ የ12 ዓመት ልጅ ሳለሁ፣ ትምህርት ቤት ተዘግቶ ስለነበር ይዘውኝ አዲስ አበባ ሄዱ። ስንመለስ መኪናው ሙሉ ጭነት ነበረው።

ደብረ ብርሃንን አልፈን ታርማበር ስንደርስ፣ በጣሊያን ወረራ ዘመን ተራራው ተፈልፍሎ ከተሠራው ዋሻ ሳንገባ አባቴ መኪናውን ዳር አስይዘው አቆሙ። ጉሙ መንገዱን ሸፍኖታል። ረዳታቸው ወርዶ ጎማዎቹን አንድ በአንድ መታ መታ እያደረገ አዳመጠ፤ የተሳቢውን ማያያዣ አየ፤ እሳቸውም የፍሬኑን ንፋስ ተመለከቱ። ከዚያ በኋላ ዝቅተኛውን ማርሽ አስገቡና መውረድ ጀመርን። ከፍታው ከ3,000 ሜትር ከሚበልጠው ከዚያ ቦታ ተነስቶ በደብረ ሲና በኩል 1,300 ሜትር ገደማ ላይ እስካለችው ሸዋ ሮቢት ድረስ መንገዱ በአብዛኛው ቁልቁል ነው። እኛ በእግረኛ ፍጥነት ስንሳብ ሌሎች መኪናዎች ክላክስ እያሰሙ ያልፉን ጀመር። እኔም በልጅ አእምሮዬ አፈርኩና፣

«አብዬ፣ ሁሉም ቀደሙን እኮ!» አልኳቸው።

«ይቅደሙን፤ እኛም እንደርሳለን» አሉ። ቆየት ብለው ደግሞ እንዲህ አሉኝ። «ስማ ልጄ፣ ፍሬን ለማቆሚያ ነው። ቁልቁለት የሚወረደው በማርሽ ነው። ማርሹ ደግሞ የሚገባው እዚያ ላይ ነው፣ መኪናው ሳይንደረደር። አንዴ ከተንደረደረ በኋላ ላስገባው ብትል ጥርሱ ይንጫጫብሃል እንጂ አይገባልህም፤ ፎሌ ላይ ትቀራለህ።»

ወደ ታች ስንወርድ ከመንገዱ ሥር በገደሉ ውስጥ የዛገ የመኪና አካል አየሁ። አባቴም ማየቴን አይተው «እነዚያም ፍሬን ነበራቸው» አሉኝ። ሌላ አልጨመሩም።

ነገሩ የሾፌሮች ወግ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ፍሬን መኪናን የሚያቆመው የሩጫውን ኃይል ወደ ሙቀት በመለወጥ ነው። በረጅም ቁልቁለት ላይ ያለማቋረጥ ሲረገጥ የፍሬኑ ሸራ ይግላል፤ ከልክ በላይ ሲግልም የመያዝ አቅሙ ይደክማል። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ደግሞ ፍሬን ከተረገጠ በኋላ ለመቆም የሚያስፈልገው ርቀት እጥፍ ሳይሆን አራት እጥፍ ይሆናል። በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና፣ ሾፌሩ አደጋውን አይቶ እግሩ ፍሬኑ ላይ እስኪያርፍ አንድ ሰከንድ ቢፈጅበት፣ በዚያች ሰከንድ ብቻ 11 ሜትር ይጓዛል። በ80 ከሆነ 22 ሜትር። ነዳጅ ለመቆጠብ ብሎ ፎሌ አድርጎ ቁልቁለት የሚወርድ ሰው የሞተሩን እገዛ ትቶ ሕይወቱን በሙሉ ለዚያች ሸራ አደራ የሰጠ ነው።

አረንጓዴው ምልክት

እኔ ሾፌር አልሆንኩም። አልሐምዱሊላህ፣ ኮምፒውተር ተምሬ በዚሁ ሙያ ቤተሰብ አስተዳድሬበታለሁ። በ2008 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የንግድ ድርጅት የኮምፒውተር ክፍል ኃላፊ ነበርኩ። የድርጅቱ ሒሳብ፣ የደንበኞች ዕዳ፣ የመጋዘኑ ዕቃ ዝርዝር ሁሉ በአንድ ሰርቨር ላይ ይቀመጣል። እኔም ኃላፊነቴን የተወጣሁ መስሎኝ መረጃው በየሌሊቱ ወደ ሌላ ዲስክ እንዲገለበጥ አድርጌ ነበር። ጠዋት ጠዋት ቢሮ ስገባ መጀመሪያ የማየው መገልበጡን የሚያበስረውን አረንጓዴ ምልክት ነው። እሱን አይቼ ሻዬን እጠጣለሁ።

ሥራ ከጀመረች ገና ዓመት ያልሞላት አንዲት ወጣት ባልደረባዬ አንድ ቀን «ጋሼ፣ ግን ከቅጂው መልሰን አውጥተን አይተን እናውቃለን?» ብላ ጠየቀችኝ። «ጊዜ ስናገኝ እናደርገዋለን» አልኳት። ጊዜውን ግን አልፈለግነውምና አላገኘነውም።

አንድ ሰኞ ጠዋት መብራት ጠፍቶ ሲመለስ የሰርቨሩ ዲስክ አልነሳ አለ። እኔ አልደነገጥኩም፤ ቅጂ አለኝና። ቅጂውን ስከፍተው ግን ባዶ ሆኖ አገኘሁት። ለካ ከዘጠኝ ወር በፊት መረጃው የሚቀመጥበትን ቦታ ራሴው ቀይሬ፣ አዲሱን ቦታ ለመገልበጫው ፕሮግራም ሳላሳየው ቀርቻለሁ። እሱም የታዘዘውን ነው የሚያደርገው፤ በየሌሊቱ ባዶውን የድሮ ቦታ እየገለበጠ «ተጠናቋል» ይለኝ ነበር። ምልክቱ አልዋሸም። የተጠናቀቀው ምን እንደሆነ ያልጠየቅሁት እኔ ነኝ።

ከዚያ በኋላ ለብዙ ሳምንታት የሒሳብ ሠራተኞቹ የዘጠኝ ወሩን ሥራ ከደረሰኝና ከቫውቸር ላይ እንደገና ሲመዘግቡ አመሹ። ወረቀቱ የጠፋ ዕዳ ሳይሰበሰብ ቀረ። ከሥራዬ አልተባረርኩም፤ ነገር ግን ልጆቻቸውን ቤት ትተው በእኔ ስንፍና ቢሮ የሚያመሹትን እናቶች ሳይ መባረሩ ይቀለኝ ነበር።

በሙያችን የታወቀ ደንብ አለ። መረጃ በሦስት ቅጂ ይያዝ፣ በሁለት ዓይነት ማስቀመጫ ይቀመጥ፣ አንዱ ቅጂ ከግቢው ውጪ ይሁን ይላል። ነገሩን በችግር የተማሩ ባለሙያዎች ደግሞ፣ መልሰህ አውጥተህ ያላየኸውን ቅጂ እንዳለህ አትቁጠረው ይላሉ። ያን ማታ የአባቴ ቃል ትዝ አለኝ። ቅጂን መፈተሽ ከላይ የሚገባ ማርሽ ነው፤ ዲስኩ ከተበላሸ በኋላ የሚገባ ማርሽ የለም። አሁን ተማርኩ ብዬ ደመደምኩ። የተማርኩት ግን ለሰርቨሩ ብቻ ነበር።

በቀኝ በኩል የነበረው

አባቴና እናቴ በእርጅናቸው አዲስ አበባ እኛ ዘንድ መጥተው ይኖሩ ነበር። አባቴ አንዲት አሮጌ አውቶሞቢል ነበረቻቸው። ከ2010 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ የመኪናዋ ቀኝ ጎን ይጫር ጀመር። አንድ ጊዜ የቀኙ ስፖኪዮ ከግቢው በር ጋር ተጋጭቶ ተሰበረ፤ ሌላ ጊዜ የቀኙ ፓራፋንጎ የቆመ መኪና ነካ። እኛም «ኤንትሬ የለመደ እጅ ትንሽ መኪና አይመጥነውም» እያልን እንስቅ ነበር። እናቴ ብቻ አንድ ቀን «እኔ እንጃ፣ በቀኛቸው ያስቀመጥኩላቸውን ስኒ አያዩትም» አሉ። በ2011 ዓ.ም. ረመዳን ደግሞ በኢፍጣር ሰዓት የሾርባውን ሳህን በቀኝ ክርናቸው ገፍተው ደፉት። «አይዞዎት» ብለን ጠረግንና ወደ ምግባችን ተመለስን። የመኪናዋ ጎን፣ ስኒው፣ ሾርባው፤ ሦስቱም ስለ አንድ ነገር ይነግሩን ነበር።

ረመዳኑ አልቆ የዒድ አል-ፊጥር ዕለት ከስታዲየም ሰግደን ስንመለስ አባቴ ይነዱ ነበር። እኔ አጠገባቸው በቀኝ ወንበር፣ የ14 ዓመት ልጄ ከኋላ ተቀምጠናል። ከቢሮ ሰርቨሩ አልሠራ አለ የሚል መልእክት ደርሶኝ ስልኬ ላይ አቀርቅሬ መልስ እጽፋለሁ። ወደ ሰፈራችን መታጠፊያ እንደገባን ልጄ «አብዬ!» ብላ ጮኸች። አባቴ ፍሬን ረገጡ፤ አንድ ነገር መኪናዋን ሲነካ ተሰማን። ወርደን ስናይ አዲስ የዒድ ልብስ የለበሰ የስድስት ወይም የሰባት ዓመት ልጅ መሬት ላይ ተቀምጦ ያለቅሳል።

አልሐምዱሊላህ፣ ከክርኑ መላጥ በቀር ሌላ ጉዳት አልደረሰበትም። ጤና ጣቢያ ወስደን አሳየነው፤ ወላጆቹም የአላህን ውሳኔ ተቀብለው በመልካም ሸኙን። አባቴ ግን እጃቸው እየተንቀጠቀጠ «ወላሂ አላየሁትም፤ ከየት መጣ?» ይሉ ነበር። ልጁ የመጣው ከቀኝ ነው፤ ምንም በማይጋርደው ሜዳ ላይ እየሮጠ። እኔም በዚያው በቀኝ በኩል ተቀምጬ አላየሁትም። አባቴ ያላዩበትን ምክንያት ኋላ ሐኪም ነገረን። የእኔን ምክንያት ለማወቅ ሐኪም አያስፈልግም ነበር።

ከዚህ የባሰውን ያደረግሁት ከሰዓት በኋላ ነው። ወንድሞቼና የዒድ እንግዶች በተሰበሰቡበት፣ የራሴን ጥፋት ለመሸፈን ይመስለኛል፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ «ከእንግዲህ አይነዱም! ቁልፉን ይስጡኝ!» አልኳቸው። አባቴ ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው ወደ ክፍላቸው ገቡ። ሌሊት ሄጄ ጉልበታቸውን ይዤ «አብዬ፣ አፉ ይበሉኝ» ብዬ ለመንኳቸው። እሳቸውም፣

«አፉ ብያለሁ። ቁልፉ አይደለም የከፋኝ፤ መንዳቱ ቢቀር ይቀራል። አላየሁትም ስልህ ለምን አላዩትም ብለህ አልጠየቅኸኝም» አሉኝ።

ያቺ ወጣት ባልደረባዬ «አይተን እናውቃለን?» ብላ ስትጠይቀኝ የሰጠኋት መልስ ያን ጊዜ ትዝ አለኝ።

ሐኪሙ የነገረን

በዚያው ሳምንት ወደ ዐይን ሐኪም ሄድን። የአባቴ በሽታ ግላኮማ ነበር። የቀኝ ዐይናቸው አብዛኛውን እይታ አጥቷል፤ የግራውም ተነክቷል። ሐኪሙ በትዕግሥት ያስረዳንን ለአንባቢያን ላካፍል፤ የዚህ ጽሑፍ ትልቁ ቁም ነገር ይህ ነውና።

በዐይናችን ውስጥ ሁልጊዜ የሚመነጭና የሚፈስ ፈሳሽ አለ። መውጫው ሲጠብ ወይም ሲደፈን በዐይን ውስጥ ያለው ግፊት ይጨምራል፤ ግፊቱም የምናየውን ወደ አእምሮ የሚያደርሰውን ነርቭ ቀስ በቀስ ይጎዳዋል። በብዛት የሚታየው የግላኮማ ዓይነት አያምም፣ አያቀላም፣ አያሳክክም። በአብዛኛው መጀመሪያ የሚወስደው የጎኑን እይታ ነው። ፊት ለፊት ያለው ደህና ስለሚታይ፣ የአንዱን ዐይን ጉድለት ደግሞ ሌላው ስለሚሸፍን በሽተኛው ሳያውቅ ዓመታት ያልፋሉ። ማንበብ የሚችል፣ ከሩቅ ሰው የሚለይ ሰው ሊኖርበት ይችላል።

ብዙ ሰው ከዐይን ሞራ ጋር ያምታታዋል። የዐይን ሞራ የዐይን ሌንስ መደፈረስ ነው፤ በቀዶ ሕክምና ሌንሱ ሲቀየር አብዛኛው ሰው እንደገና ያያል። ግላኮማ የወሰደው እይታ ግን በጠብታም ሆነ በቀዶ ሕክምና አይመለስም። ሕክምናው የሚጠብቀው የቀረውን ነው። ስለዚህም ዛሬ የተገኘና ከአምስት ዓመት በኋላ የተገኘ ግላኮማ አንድ አይደሉም። ምርመራው የዐይንን ግፊት መለካት፣ ነርቩን በመሣሪያ ማየትና የጎን እይታን መፈተሽ ነው። ግፊቱ ደህና ሆኖ ነርቩ የሚጎዳበት ሰው ስላለ ግፊት መለካት ብቻውን አይበቃም። ዕድሜው ከ40 ያለፈ፣ እናት ወይም አባቱ ወይም ወንድም እህቱ የታመሙበት፣ ለረጅም ጊዜ የስቴሮይድ መድኃኒት የወሰደ ሰው ከሌላው ይበልጥ ሊመረመር ይገባዋል። በእኛ በጥቁር ሕዝቦች ላይም በሽታው በብዛት ይታያል።

ሐኪሙ ይህን ተናግሮ ሲጨርስ ወደ እኔ ዞሮ «እርስዎስ ተመርምረው ያውቃሉ?» አለኝ። የ44 ዓመት ሰው ነበርኩ፤ ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተር ላይ አፍጥጬ የምውል፣ መነጽር እንኳ የማያስፈልገኝ። በሳምንቱ ተመረመርኩ። ግፊቱ ከፍ ብሎ ነርቩም መነካት ጀምሮ ነበር። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ሁልጊዜ ማታ ጠብታ አደርጋለሁ፤ እይታዬም አልሐምዱሊላህ እስከ ዛሬ ባለበት አለ። በአባቴ ዐይን እኔ ተረፍኩ ማለት ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። አንዳንድ ወገኖቻችን ረመዳን ሲገባ ጾም ያበላሻል ብለው በመስጋት የዐይን ጠብታቸውን ወሩን ሙሉ ያቋርጣሉ። ለግላኮማ ሕመምተኛ ይህ አደገኛ ነው። ዓለም አቀፉ የእስላማዊ ፊቅህ አካዳሚ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1997 ጂዳ ላይ ባደረገው ጉባኤ፣ ወደ ጉሮሮ የደረሰውን ከመዋጥ እስከተጠነቀቁ ድረስ የዐይን ጠብታ ጾም እንደማያበላሽ ወስኗል። ጠብታው ከገባ በኋላ ዐይንን ጨፍኖ በአፍንጫ በኩል ያለውን የዐይን ጥግ ለአንድ ሁለት ደቂቃ በጣት ጫን ማድረግም ወደ ጉሮሮ የሚወርደውን ይቀንሳል። ልቡ ያልረጋ ሰው የሚያምነውን ዓሊም ይጠይቅ፤ ሰዓቱን ወደ ማታ ማዛወር ይቻል እንደሆነም ሐኪሙን ያማክር። ሳይጠይቅ ግን አያቋርጥ።

ከላይ የሚገቡ ማርሾች

ወንድሞችና እህቶች! ግመሉን ሳያስር በአላህ እመካለሁ ስላለው ሰው የሚነገረውን ሐዲስ ሁላችንም እናውቀዋለን። ተወኩል ገመዱን ከማሰር ጋር እንጂ ገመዱን በመተው አይደለም። ገመዱ የሚታሰረው ደግሞ ግመሉ ሳይሄድ ነው።

መኪና የምትነዱ፣ ስልካችሁን ሞተር ሳታስነሱ በፊት አስቀምጡት። እየነዱ ላለማየት መወሰን ከባድ ነው፤ ሳይነሱ ከእጅ ማራቅ ግን ቀላል ነው። አጠገብ የተቀመጠ ሰውም ተሳፋሪ ብቻ አይደለም፤ ዐይን አለው። በሥራችሁ ሰው አምኖ የሰጣችሁ መዝገብ፣ ገንዘብ ወይም መረጃ ካለ አማና ነው። በወር አንድ ቀን ቆርጣችሁ መልሳችሁ አውጥታችሁ እዩት። አንድ ጀማሪ ሠራተኛ «ይህን አይተነው እናውቃለን?» ብሎ ሲጠይቃችሁ ጥያቄውን ለነገ አታሳድሩት።

በቤታችሁ ደግሞ ይበልጥ ተጠንቀቁ፤ በቤት ውስጥ አረንጓዴም ቀይም ምልክት የለምና። ስኒ የማያዩ አባት፣ ሁለት ጊዜ የሚጠየቁ እናት፣ ከትምህርት ቤት መጥቶ ዝም የሚል ልጅ ሲኖሩ በሳቅ አትለፏቸው። ልጃችሁን ችግር ላይ ከወደቀ በኋላ በምክር ልትመልሱት ከምትታገሉ፣ ገና ደህና ሳለ ከእናንተ ጋር ማውራት እንዲለምድ አድርጉት። ወላጅ መኪና መንዳት የሚያቆምበት ቀን ሲቃረብም ንግግሩ በሰው ፊት፣ ከአደጋ በኋላ፣ በጩኸት አይሁን። መጀመሪያ አብራችሁ ሐኪም ዘንድ ሂዱ፤ ከዚያም ለብቻቸው፣ በአክብሮት፣ «የሚሄዱበት ሁሉ እኔ አደርስዎታለሁ» ከሚል ቃል ጋር ይሁን። ቃሉንም ፈጽሙት።

አባቴ አሁን 80 ዓመታቸው ነው። የግራ ዐይናቸው የቀረው እይታ በጠብታው ተጠብቆ ይኸው ሰባት ዓመት ሆነ፤ ኪታባቸውን ያነባሉ፣ ወደ መስጊድም በራሳቸው እግር ይሄዳሉ። ያቺ በዒድ ዕለት የጮኸች ልጄ ዘንድሮ መንጃ ፈቃድ አወጣች። ጁሙዓ ጁሙዓ መስጊድ የምታደርሳቸው እሷ ናት። እሳቸው በቀኝ ወንበር ይቀመጡና መታጠፊያ ላይ በደረሱ ቁጥር «ከቀኝ ምን አለ?» ብለው ይጠይቋታል። እሷም ዞር ብላ አይታ ትነግራቸዋለች።